የባንክ ስቴትመንት ስንት ይበቃል? የጠየቅኩትና የተመለሰልኝ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ ባለ አንድ የውይይት መድረክ የለጠፍኩት ማክሰኞ ማታ ነው። ታናሽ ወንድሜን አሜሪካ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሎታል። ኮሌጁ ከትምህርት ክፍያው ግማሹን ይችልለታል። የቀረውን ክፍያ፣ መኝታውን፣ ምግቡንና የጤና መድኑን ደምረው ለመጀመሪያው ዓመት 19,000 ዶላር አሳዩ ብለውናል። አባታችን ጅማ ውስጥ ቡና አቅራቢ ነው። እናታችን አስተማሪ ናት። አጎታችን፣ የእናታችን ወንድም፣ ሜሪላንድ ይኖራል። የቻልኩትን አግዛለሁ ብሏል።

ሦስት ነገር ጠየቅኩ። የማንን ስቴትመንት እናስገባ? የስንት ወር ይሁን? ሦስተኛውን ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። አንድ ሰው አባቴን አነጋግሮታል። አንድ ሚሊዮን ብር ለ40 ቀን ሒሳባችን ውስጥ ያስቀምጥልናል፣ እኛ ከመቶ አምስት እንከፍለዋለን። ይሄ ነገር ያዋጣል ወይ ብዬ ጨረስኩ። እንደኛ ያለ ቤት ብዙ ነውና የመጣውን መልስ በተራው ልንገራችሁ።

1ኛው መልስ ለመምጣት አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቁጥሩ ትልቅ ይሁን እንጂ የቪዛ ኦፊሰሩ ወረቀቱን ገልጦም አያየው የሚል ነበር። ማስረጃው ጓደኛው ነው። በዚያው ሳምንት ባስገባው ሁለት ሚሊዮን ብር ቪዛ ተመቶለታል። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

2ኛዋ በትሕትና አረመችው። የሚታለፈው በር ሁለት መሆኑን አስረዳች። አንደኛው ኮሌጁ ነው። ቢያንስ የአንድ ዓመት ወጪ መኖሩን ሳያይ ለቪዛው የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባል ቅጽ አይሰጥም። ሁለተኛው ቆንስላው ነው። ኦፊሰሩ ከፈለገ ሁሉንም ከሥሩ ጀምሮ ይጠይቃል፤ ካልፈለገ ወረቀት ሳይነካ ያሳልፋል። የዚያ ጓደኛ ዕጣ ምናልባት ይኸኛው ነው፤ የእኔ ወንድም የሚገጥመው የቱ እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። አንድ ነገርም አስታወሰችኝ። 350 ዶላር የሴቪስ (የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ)፣ 185 ዶላር የቪዛ ማመልከቻ፣ የአውሮፕላን ትኬትም ከ19,000ው ውጪ ናቸው። እነዚህን አልደመርኳቸውም ነበር። ወረቀት አውጥቼ ደመርኩ።

3ኛው መልስ ረጅም ነበር። የጻፈው ሰው አሜሪካ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሠርቷል። ብዙ ቤተሰብ የቤት ካርታና የመኪና ሊብሬ አስገምቶ እንደሚልክ፣ ቢሮው ግን እነዚህን እንደ ገንዘብ እንደማይቆጥር ገለጸ። የሚቆጠረው ነገ ሊከፈል የሚችል ገንዘብ ነው። ቤትና መሬት የቤተሰቡን አቅም ለማሳየት ከጀርባ ቢቀመጡ አይጎዱም፤ ፊት መስመር ላይ ግን አይቆሙም። ለመጀመሪያው ዓመት ገንዘቡ በእጅ መኖር አለበት። ለቀሩት ዓመታት ደግሞ ከየት እንደሚመጣ አሳማኝ ነገር መኖር አለበት። ልጁ ሠርቶ ይከፍላል የሚለውን ጭራሽ እንዳናነሳ አስጠነቀቀ። ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ ግቢ ውስጥ በሳምንት 20 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ያ ግን ለኪስ ነው። ሊገኝ ይችላል ተብሎ የሚታሰብ ሥራ እንደ ማስረጃ አይቀርብም።

4ኛዋ የአጎቴን ነገር አነሳች። አይ-864 የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ቢልክ ይበቃል አለች። 5ኛው ወዲያው ተቆጣ። እንዲህ ያለ ምክር ሰው ያጠፋል ብሎ ጀመረ። አይ-864 ቤተሰብ ለቋሚ ኑሮ የሚወስድ ሰው የሚሞላው ነው። የዲቪ ሰዎች የሚያውቁት የስፖንሰር ቅጽ፣ አይ-134ም ለተማሪ ግዴታ አይደለም። ኮሌጆች አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸው የስፖንሰር ቅጽ አላቸው። አጎቴ እሱን ይሞላል፤ ከባንኩ ደብዳቤ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዝ ማረጋገጫና የታክስ ወረቀቱን ያያይዛል። የተናገረው ትክክል ነበር። አነጋገሩ ግን ልብ ይሰብራል።

6ኛው መልስ ከ4ኛዋ ነው። በዲቪ የሄደች መሆኗን፣ የምታውቀውን ለማካፈል ብቻ እንደጻፈች ተናገረች። ሰው ሳይሰድብም ማረም ይችላል ስትልም አከለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ። 5ኛው በኋላ ተመልሶ ይቅርታ ጠይቋታል፤ ይህን በማየቴ ደስ ብሎኛል።

7ኛውን የጻፉት ሐዋሳ የሚኖሩ አባት ናቸው። የሠፈራቸው እቁብ ዳኛ ናቸው። የልጃቸው ስቴትመንት ላይ በአንድ ቀን የገባ 480,000 ብር ነበር፤ የእቁብ ዕጣ ነው። ኮሌጁ ይህ ከየት መጣ ብሎ ጠየቀ። እቁብ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው እንዴት ይነገራል? እሳቸው ግን ተቀምጠው ጻፉት። ስንት አባል እንዳለው፣ በየሳምንቱ ስንት እንደሚጣል፣ ልጅቷ ከመቼ ጀምሮ እንደጣለች፣ ዕጣው የወጣላት ቀን፤ ከሥር ዳኛውና ጸሐፊው ፈረሙበት። አስተርጉመው፣ የመዋጮ ደብተሩን ኮፒ አያይዘው ላኩ። ኮሌጁ ተቀበለው። ምክራቸው ይህ ነበር፦ ገንዘቡ እውነተኛ ከሆነ አታፍሩበት፣ ታሪኩን ጻፉት። ስንቱ ሰው የእቁብ ገንዘቡን እንደ ነውር እየደበቀ ባልሆነ ነገር ይጠረጠራል!

8ኛው ለእኛ ቤት ቁልፍ ነበር። ጸሐፊው ዲላ አካባቢ ቤተሰቦቹ ቡና ሲሸጡ እያየ ያደገ ልጅ ነው። የቡና ነጋዴ ስቴትመንት ሦስት ወር ብቻ ከወጣ ይዋሻል አለ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሒሳቡ ባዶ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሚሊዮን ይገባል፣ ሚሊዮን ይወጣል። ኦፊሰሩ የሚያየው ሦስቱን የክረምት ወር ከሆነ ደኻ ነን፤ ሦስቱን የመኸር ወር ከሆነ ደግሞ ድንገት የመጣ ገንዘብ ይመስለዋል። ስለዚህ የአንድ ዓመት፣ ከተቻለም የሁለት ዓመት ይውጣ። ንግድ ፈቃዱ፣ የግብር ክሊራንሱና የሽያጭ ደረሰኞቹ ይያያዙ። ከላይ ግማሽ ገጽ ማብራሪያ ይቀመጥ፦ ቡና መቼ እንደሚለቀም፣ መቼ እንደሚሸጥ፣ ገንዘቡ በየትኛው ወር እንደሚገባ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲታይ የሁለቱ መኸር ቅርጽ ተመሳሳይ ነው፤ ያ ቅርጽ ራሱ ምስክር ነው።

ይህን ለአባቴ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ ደረሰኞቹን ያስቀመጠበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር አወጣ።

9ኛዋ ያነሳችውን እኔ በሕይወቴ አስቤው አላውቅም። የእኛ ስም አጠራር ነው። ፈረንጅ የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም ይለዋል። የወንድሜ የመጨረሻ ስም የአያታችን ስም ነው። የአባታችን የመጨረሻ ስም ደግሞ የቅድመ አያታችን። ስለዚህ አባትና ልጅ ወረቀት ላይ ሲታዩ ዘመድ አይመስሉም። አጎታችንማ የእናት ወገን ስለሆነ ከወንድሜ ጋር አንድም የሚጋሩት ስም የለም። ጸሐፊዋ ራሷ በዚህ የተነሳ ሁለት ወር ተጉላልታለች። መፍትሔው የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወንድሜ ልደት የእናታችንን ስም ያሳያል። የእናታችንና የአጎታችን ልደት አንድ አባት ያሳያል። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዝምድናው ይታያል። የእናታችን ልደት ከወረዳ ወሳኝ ኩነት አልወጣላትም ነበር። በማግስቱ ሄደች።

የቀኑን ነገርም አከለች። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ ወረቀት ሲተረጎም ዓመቱ ሳይቀየር ከቀረ ሰውየው ሰባት ስምንት ዓመት ያረጀ ሰነድ የያዘ ይመስላል። ተርጓሚው ጋ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ አረጋግጡ።

ከ10ኛው ጀምሮ ወሬው ወደ ጀርመን ሄደ። ጸሐፊው ላይፕዚግ ይማራል። የጀርመን አሠራር ንጹሕ ነው ባይ ነው። ብሎክድ አካውንት ይከፈታል፤ 11,904 ዩሮ ይገባበታል፤ ጀርመን ስትደርስ በየወሩ 992 ዩሮ ይለቀቅልሃል። እሱ ሲሄድ የወሩ 934 ነበር። ከመስከረም 2024 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ጀምሮ ነው ከፍ ያለው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከጥቂት ቦታዎች በቀር የትምህርት ክፍያ የለም። ለምን አሜሪካ ላይ ትጨነቃላችሁ አለ።

11ኛው በጣም ተናደደ። አዲስ አበባ የተቀመጠ ቤተሰብ 11,904 ዩሮ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል? ብሩ ቢኖርህ ዩሮው የለህም። ውጭ ዘመድ የሌለው ሰው በዚህ መንገድ አይሄድም ብሎ ደመደመ። 10ኛው መለሰለት። ጀርመን የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዶ ወጪውን እችላለሁ ብሎ በሕግ የሚገደድበትን ቃል መፈረም ይችላል፤ እንደ ዳድ (DAAD) ያለ የጀርመን ስኮላርሺፕ ያገኘም ብሎክድ አካውንት አይጠየቅም። ግን እሱም ቢሆን ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ዕድል ነው። እዚህ ላይ 11ኛው ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ክርክር ውስጥ ነው 12ኛው የወጣው። ሳነበው ዝም አልኩ። የአንዲት እናት ጽሑፍ ነው። ልጃቸው አይ-20 ያገኘው በእኛ አቆጣጠር በ2016 ሰኔ ነበር። አባትየው 1.5 ሚሊዮን ብር አጠራቅመው ነበር። ያኔ በባንክ 57 ብር ገደማ ስለነበር ከ26,000 ዶላር በላይ ይሆናል። ሐምሌ 22 ቀን ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ያው ገንዘብ 15,000 እንኳ አልሞላም። ኢንተርቪው የደረሰው ያኔ ነው። አንዲት ሳንቲም አላጠፉም፣ አልዋሹም፣ ወረቀቱ ግን ጎደለ። ልጁ ዓመቱን አዘገየ። እኚህ እናት ምክር አልጠየቁም፣ ምክርም አልሰጡም። ብር የሚያስቀምጥ ሰው ከተጠየቀው አብልጦ ይያዝ ብቻ ብለዋል።

13ኛዋ ከለንደን ናት። እንግሊዝ አገር የአጎት ገንዘብ እንደማይቆጠር አስረዳች። ገንዘቡ በተማሪው ወይም በወላጆቹ ወይም በሕጋዊ አሳዳጊው ስም መሆን አለበት። ተከታታይ 28 ቀን ከሚፈለገው በታች ሳይወርድ መቆየት አለበት፤ ስቴትመንቱም ሲያመለክቱ ከ31 ቀን ያልበለጠ መሆን አለበት። የአክስቷ ልጅ 20ኛው ቀን ላይ ወደቀ። እናትየው ለለቅሶ ትንሽ ገንዘብ አውጥታ በሦስተኛው ቀን መልሳ አስገብታ ነበር። ቀኑ ከአንድ ተጀምሮ እንደገና መቆጠር እንዳለበት ማንም አልነገራትም። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ።

14ኛው ካናዳን በሁለት መስመር አለፈው። ለብቻው ለሚሄድ ተማሪ ለኑሮ የሚታየው ገንዘብ ለረጅም ጊዜ 10,000 የካናዳ ዶላር ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር በጥር 2024 ወደ 20,635፣ በመስከረም 2025 ወደ 22,895 ወጥቷል። የትምህርት ክፍያና ትኬት ለብቻ ነው።

ከዚያ 15ኛው ወደ ሦስተኛው ጥያቄዬ መለሰን። ውይይቱም ተካረረ። ጸሐፊው ተበደሩና አሳዩ ባይ ነው። ሁሉም ሰው ያደርገዋል፤ ሕጉ የተሠራው ለሀብታም ልጅ ነው፤ የደኻ ልጅ ሌላ በር የለውም። ስድብ ቀላቅሎ ነው የጻፈው። ንዴቱ ግን ይገባኛል። ጎበዝ ልጅ፣ የተቀበለው ትምህርት ቤት እያለ፣ በቁጥር ምክንያት ሲቀር ማየት ያማል።

16ኛዋ የወንድሟን ታሪክ አመጣች። አንድ ኤጀንሲ ወረቀትህን እኔ ልጨርስልህ ብሎት ሰጠው። ኤጀንሲው የውሸት ስቴትመንት አሠርቶ አስገባ። ልጁ ያወቀው መስኮቱ ጋ ቆሞ ሲጠየቅ ነው። ተራ ክልከላ ቢሆን እንደገና ማመልከት ይቻላል። እሱን ያገኘው ግን በማታለል የሚሰጠው ውሳኔ ነው። በአሜሪካ ሕግ ይህ ጊዜ የማይሽረው እገዳ ነው፤ ልዩ ፈቃድ ካልተገኘ በቀር አብሮ ይኖራል። በኋላ ሚስቱ አሜሪካ ገብታ ልትወስደው ስትሞክር እንኳ ያው ፋይል ተከፈተ። እሷ ይህን የጻፈችው ቃል ሳታጋንን፣ ጨዋ ሆና ነው።

17ኛው የ15ኛው መልስ ነበር። የብድር ገንዘብና የውሸት ወረቀት አንድ አይደለም፣ ሒሳቡ ውስጥ ያለው ብር እውነተኛ ብር ነው ብሎ ተሟገተ። ጨምሮም 16ኛዋን ክፉ ነገር ተናገራት። የመድረኩ አስተናባሪ ስድቡን አጠፋውና 18ኛው ላይ ሁላችንንም መከረ። 15ኛው የተሟገተበትን ነጥብም ሳይመልስ አላለፈም። ወረቀቱ እውነት ቢሆን እንኳ ኦፊሰሩ ይህ የማን ገንዘብ ነው ሲል የአባቴ ነው የሚል መልስ ውሸት ነው፤ ያ መልስም ያው ፋይል ላይ ይጻፋል አለ።

19ኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተጻፈ ነው። ከውይይቱ ሁሉ እኔን የለወጠኝ እሱ ነው። ጸሐፊው ሚኒሶታ የሚማር ልጅ ነው። እሱ 15ኛው እንዳለው አድርጓል፤ ተሳክቶለታልም። ለ30 ቀን የተቀመጠ ገንዘብ አሳይቶ ቪዛ አገኘ። ቤተሰቡ ደገሰ። ገንዘቡ በማግስቱ ለባለቤቱ ተመለሰ። ነሐሴ ላይ ኮሌጁ ደረሰ። የመጀመሪያውን ሴሚስተር ዘመድ አዋጥቶ ከፈለለት። ለሁለተኛው ሂሳብ ሲመጣ ምንም አልነበረም። ያልከፈለ ተማሪ ለቀጣዩ መመዝገብ አይችልም። ያልተመዘገበ ተማሪ ደግሞ የተማሪነት መብቱ ይቋረጣል። ሦስት ወር ሙሉ ለእናቱ በስልክ ሁሉ ነገር ሰላም ነው እያለ ይዋሽ ነበር። ምሳ የሚበላው ቤተ ክርስቲያን እሑድ እሑድ ብቻ እንደነበር ጽፏል። ያተረፈው አንድ ደግ የቢሮ ሠራተኛ ነው። በጊዜ ወደ ርካሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እንዲዛወር ረዳው። ያቺን ጊዜ ሲያስባት ኦፊሰሩን እንዳታለለ አይሰማውም። የሌለው ገንዘብ ያለው ለመምሰል ሲል ራሱን ወጪ ውስጥ እንደከተተ ነው የሚሰማው። ለወንድሜ ያለው መልእክት አንድ ነው፦ የምታሳየውን ገንዘብ በነሐሴ የምትከፍለው አንተ ነህ።

ከዚያ በኋላ 15ኛው አልጻፈም።

20ኛዋ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች፤ ስድስት ዓመት ሆኗታል። እህቷን ማስተማር ትፈልጋለች። የላከችውን ገንዘብ ሁሉ በሐዋላ፣ በሰው እጅ ነው የላከችው። አንድም ወረቀት የላትም። ስድስት ዓመት ለፍታ፣ በወረቀት ሲታይ ምንም እንዳልሠራች ሆነች። 21ኛው መልስ የ3ኛው ሰው ነው። ያለፈውን መመለስ አይቻልም፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን በባንክ ትላክ፣ አገር ቤት በስሟ ለዲያስፖራ የሚከፈት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይኑራት። የሥራ ውሏንና የመኖሪያ ፈቃዷን (የኢቃማዋን) ኮፒ ትያዝ። አንድ ዓመት ከሞላ ደመወዟ ራሱን ችሎ ይናገራል። እሷም እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ ሄደች። ስንት እህቶቻችን እንደሷ ናቸው!

22ኛው ከርዕሱ ወጣ ያለ ነበር። ዲግሪውን አገር ቤት ጨርሶ ለማስተርስ ወይም ለዶክትሬት መሄድ ይሻላል የሚል ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ረዳት አስተማሪ ወይም ተመራማሪ አድርጎ ይቀጥራል፤ አይ-20ው ላይም ወጪውን የሚሸፍነው ዩኒቨርሲቲው ተብሎ ይጻፋል። ስለ ቤተሰብ ስቴትመንት የሚጨነቅ የለም። ለብዙ ልጅ ይህ የተሻለ መንገድ ነው። ወንድሜ ግን ግማሽ ስኮላርሺፕ በእጁ ይዟል።

23ኛውን እኔ ጻፍኩት። አባቴ ያንን ሰው እሑድ ዕለት ደውሎ አመስግኖ አሰናብቶታል። አጎቴ 11,000 ዶላሩን በራሱ ሒሳብ ያሳያል፤ የኮሌጁን ቅጽ ሞልቶ ልኳል። አባቴ 8,000ውን ይሸፍናል፤ 12ኛዋ እናት ባሉት መሠረት ትርፍ ይዟል። የሁለት ዓመት ስቴትመንት አውጥተናል። ማብራሪያውን እኔ ጻፍኩት፣ አባቴ ፈረመበት። ሦስቱም የልደት ምስክር ወረቀቶች ተተርጉመዋል። እናቴ የራሷን አይታ የአባቷ ስም ላይ የነበረውን የፊደል ስሕተት አስታርማለች። አይ-20ው ገና ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውይይቱ ላይ 24ኛ መልስ አየሁ። አንዲት የመቐለ ልጅ ናት። የእቁብ ደብዳቤው ምን እንደሚመስል ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። የሐዋሳው አባት በዚያው ቀን ስሞቹን ሸፍነው ፎቶውን ለጠፉላት።